የታቦር ኮንቱር ለምን ትል መሰለ?

ጥያቄ፦ የሐዋሳን አካባቢ 1:50,000 ካርታ ስካን አድርጌ በኪውጂአይኤስ ወደ ቬክተር ስቀይረው የታቦር ተራራ ኮንቱሮች መስመር መሆናቸው ቀርቶ ትል የመሰሉ ቀጫጭን ፖሊጎኖች ሆኑብኝ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ «ፖሊጎናይዝ»ን ተጠቅመው መሆን አለበት። እሱ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ዋጋ ያላቸውን ፒክስሎች ዙሪያቸውን መከለል ብቻ ነው። ስካን የተደረገ ኮንቱር ወርዱ 4 ወይም 5 ፒክስል ሊሆን ስለሚችል ግራና ቀኝ ጠርዝ ያወጣል።

ቡናማውን ቀለም ብቻ ነጥለው የቀረውን ባዶ ያድርጉት፤ ዜሮ አይደለም፣ ባዶ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በግራስ ሶፍትዌር «አር ቲን» መስመሩን ወደ 1 ፒክስል ያሳሱና «አር ቱ ቬክት»ን «ላይን» ብለው ያስኪዱት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፕሮጀክሽኑን ይፈትሹ። የቆዩት ሉሆች በአዲንዳን ዳተም፣ በዩቲኤም ዞን 37 የተሠሩ ናቸው። ደብሊውጂኤስ 84 ብለው ካስገቧቸው የሐዋሳ ሐይቅ ከሳተላይት ምስሉ ላይ 200 ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ምዕራብ ሸሽቶ ያገኙታል።

ጽዳቱ አሰልቺ ነው። የከፍታ ቁጥር የታተመበት ቦታ መስመሩ ይበጠሳል፤ ተዳፋቱ ላይ ደግሞ ጎረቤት ኮንቱሮች ይጣበቃሉ። የሚፈልጉት ታቦርን ብቻ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ቡናዬን ይዤ በማውስ እስለው ነበር። በየኮንቱሩ መካከል ያለው ልዩነት 20 ሜትር ከሆነ፣ ድንገት 40 የዘለለ ካዩ አንድ መስመር ጠፍቷል ማለት ነው።