የጠላ ጥንካሬ እንዴት ይለካል? ስንት ውሃስ ይችላል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ተማሪዎቼ ከቤተ ሙከራ ሃይድሮሜትር ተውሰው ወደ አንዲት ጠላ ሻጭ ወይዘሮ ቤት ሄዱ። ውሃ የተቀላቀለበት ወተት በዚህ ዓይነት መሣሪያ እንደሚለይ ያውቁ ስለነበር ጠላንም እንዲሁ ሊመረምሩ ነው። መሣሪያው በአንደኛው ጋን ጠላ ውስጥ ከሌላው ይልቅ ጠልቆ ተንሳፈፈ። ልጆቹም በደንበኞች ፊት «ይህኛው ውሃ በዝቶበታል» ብለው ፈረዱ። ወይዘሮዋ ግን «ኃይለኛው እኮ እሱ ነው!» ሲሉ ተከራከሩ። እውነቱ ከእሳቸው ጋር ነበር።

የልጆቹ ስሕተት ከየት መጣ? ተንሳፋፊ አካል የሚሰጥመው የገፋው ፈሳሽ ክብደት ከራሱ ክብደት ጋር እስኪተካከል ድረስ ነው፤ ይህ የአርኪሜድስ ሕግ ነው። ስለዚህ ሃይድሮሜትር የሚነግረን የፈሳሹን እፍጋት ብቻ ነው። አንድ ሊትር ውሃ 1000 ግራም ያህል ሲመዝን፣ አንድ ሊትር ንጹሕ አልኮል 789 ግራም ብቻ ይመዝናል። በፈሳሹ ውስጥ የሟሟ ስኳር እፍጋትን ይጨምራል፤ አልኮል ይቀንሳል። እርሾ 180 ግራም ግሉኮስን ወደ 92 ግራም አልኮልና ወደ 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲለውጥ ጋዙ ተንኖ ይሄዳል፤ ፈሳሹም ይቀልላል። እንግዲህ መሣሪያው ጠልቆ የተንሳፈፈበት ጠላ ውሃ የበዛበት ሊሆን ይችላል፤ ስኳሩ አልቆ አልኮሉ የበረታም ሊሆን ይችላል። አንዱ ንባብ ሁለቱን አይለይም።

የቢራ ጠማቂዎች ይህን ችግር የሚፈቱት ሁለት ጊዜ በመለካት ነው፤ እርሾ ከመጨመሩ በፊትና ከፈላ በኋላ። ለምሳሌ ንባቡ ከ1.050 ወደ 1.012 ከወረደ ልዩነቱ በ131 ተባዝቶ 5 ከመቶ ያህል አልኮል ይሰጣል። ለጠላ ግን ይህ አይመችም። ጥንስሱ፣ ቂጣው፣ አሻሮው በየተራ ይገባል፤ ብቅሉ ስታርቹን ወደ ስኳር ሲለውጥ እርሾው ደግሞ ከሥር ከሥሩ ይበላዋል። «መጀመሪያ» የምንለው ንባብ የለም።

ሌላ መንገድ አለ፤ አልኮሉን አስወጥቶ መመዘን። ጠላውን በንጹሕ ነጠላ አጥልለን፣ ጋዙ እስኪወጣ ከዕቃ ዕቃ ደጋግመን እንገልብጠው። ምልክት ባለው ጠርሙስ 500 ሚሊ ሊትር ለክተን ክብደቱን እንመዝግብ። (መጠነ ቁስ ማለት ይገባኝ ነበር፤ ሚዛን ላይ ስለሚነበብ ክብደት ልበለው።) ከዚያ መስኮት ከፍተን፣ አረፋው እንዳይገነፍል እየተጠነቀቅን፣ ግማሽ እስኪሆን እናፍላው። ሲበርድ እስከ ምልክቱ ንጹሕ ውሃ ሞልተን እንደገና እንመዝን። ስኳሩ ሁሉ አለ፤ የጎደለው አልኮሉ ነው። ፊተኛው 506 ግራም፣ ኋለኛው 509.5 ግራም ቢመዝን ፊተኛውን ለኋለኛው ስናካፍል 0.9931 እናገኛለን። በዚህ ክልል እፍጋቱ በ0.00144 በቀነሰ ቁጥር አልኮሉ በ1 ከመቶ ያህል ስለሚጨምር መልሱ 4.8 ከመቶ ነው።

ሁሉ ነገር በ3.5 ግራም ላይ እንደቆመ ልብ በሉ። ግራምን ብቻ የሚያነብ የሱቅ ሚዛን እዚህ አይረባም፤ የግራም አሥረኛ የሚለይ ያስፈልጋል። ሙቀቱም እንዲሁ ነው፤ በሁለቱ ምዘናዎች መካከል የ5 ዲግሪ ልዩነት ካለ ውጤቱ በ0.7 ከመቶ ገደማ ይሳሳታል። ተማሪዎች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ መብረዱን አይጠብቁም።

ማቅለሉ ቀላል ሒሳብ ነው። ውሃ ሲጨመር የአልኮሉ መጠን አይለወጥምና 20 ሊትር ባለ 4.8 ጠላ ወደ 3.2 ለማውረድ 20ን በ4.8 አባዝቶ ለ3.2 ማካፈል ነው፤ 30 ሊትር ይሆናል፤ የሚጨመረውም 10 ሊትር ነው። እኩል ውሃና ንጹሕ አልኮል ሲቀላቀሉ ይዘታቸው ከድምሩ ያንሳል፤ በጠላ ላይ ግን ይህ ከቁም ነገር አይገባም። ውሃው ፈልቶ የበረደ ይሁን።

ማጠንከር የሚቻለው ግን ከመፍላቱ በፊት ወይም እየፈላ ሳለ ነው፤ በአንድ ሊትር 17 ግራም ያህል ስኳር፣ እርሾው ከጨረሰው፣ 1 ከመቶ ይጨምራል።

ወይዘሮዋ ቅራሪ የሚያወጡት ግን በተጠለለው ጠላ ላይ ውሃ በመጨመር አይደለም፤ ጠላው ከተቀዳለት ድፍድፍ ላይ ነው። እዚያ የማካፈል ሒሳባችን አይሠራም፤ ድፍድፉ ውስጥ የቀረው ስታርችና ስኳር መፍላቱን ይቀጥላልና። ቅራሪው ከሰከነ በኋላ እንደገና አፍልቶ መመዘን ነው።