ከጆንያው እስከ ምድጃው፦ ለዳቦ የሚሆን ስንዴን በዘረመል መርምሮ መለየት

ሊጥ ኩፍ አልል ሲል መጀመሪያ የሚጠረጠረው እርሾው ነው፤ ከዚያ ውሃው፣ ከዚያ ምድጃው። ዘሩን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ሊጡ አየር አምቆ እንዲነፋ የሚያደርገው ግን ግሉተን ነው፤ የግሉተኑ ጥንካሬም በአብዛኛው ከዘሩ ይወረሳል። ዘር የምታባዙ ማኅበራትና በምርምር ጣቢያ ወይም በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ የምትሠሩ ባለሙያዎች ይህን ቀድማችሁ ማወቅ ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ጥያቄያችሁን ለዩ። «ይህ ዘር በእርግጥ ያ የተባለው ዝርያ ነው?» እና «ይህ ዘር ለዳቦ ይሆናል?» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የፊተኛው በሁሉም ክሮሞዞሞች ላይ የተበተኑ ብዙ ምልክቶችን ማየት ይጠይቃል፤ ለኋለኛው የታወቁ ጥቂት ዘረመሎች ይበቃሉ። ሳይለዩ የሄዱ ሰዎች ላልጠየቁት መልስ ገንዘብ ይከፍላሉ።

ለዳቦ የሚታዩት ዘረመሎች እነዚህ ናቸው። የዳቦ ስንዴ ኤ፣ ቢ እና ዲ ከተባሉ ሦስት ምንጮች የተወረሱ 42 ክሮሞዞሞች አሉት። ከግሉተን ክፍሎች ግሉቴኒን የተባሉትን ትልልቅ ፕሮቲኖች የሚያሠሩት ዘረመሎች 1ኤ፣ 1ቢ እና 1ዲ በተባሉት ክሮሞዞሞች ላይ ይገኛሉ። ከሁሉም የ1ዲው ይበልጣል፦ «5+10» የተባለው ዓይነት ጠንካራ ሊጥ ይሰጣል፣ «2+12» ደግሞ ደካማ። በካምብሪጅ የዕፅዋት ማዳቀያ ተቋም የነበረው ፒተር ፔይን ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 ባሳተመው የነጥብ አሰጣጥ የሦስቱ ቦታዎች ነጥብ ይደመራል፤ ትንሹ 3፣ ትልቁ 10 ነው። ለምሳሌ በየላቦራቶሪው የሚታወቀው ቻይኒዝ ስፕሪንግ 6 ያገኛል፣ ቼየን የተባለው የአሜሪካ ዝርያ 9።

ሁለት ነገር ጨምራችሁ ጠይቁ። አንዱ በ5ዲ ላይ ያለው የፍሬ ጥንካሬ ዘረመል ነው፤ ጠንካራ ፍሬ ሲፈጭ ዱቄቱ ብዙ ውሃ ይይዛል። ሌላው የ1ቢ አጭር ክንድ ራይ በተባለው የስንዴ ዘመድ ክሮሞዞም መተካቱ ነው። አዳቃዮች ያመጡት ዋግን ለመከላከል ነበር፤ ሊጡን ግን እጅ ላይ የሚጣበቅ ያደርገዋል። በኢትዮጵያ የሚዘሩት ብዙዎቹ ዝርያዎች የዘር ሐረጋቸው ሲሚት ከተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል ይመዘዛል፤ ይህ የራይ ቁራጭም በማዕከሉ ዝርያዎች ውስጥ በሰፊው ገብቶ ስለነበር ጥያቄው ለእኛ አስፈላጊ ነው።

አሁን ናሙና። እዚህ ላይ ቸልተኝነት አይፈቀድም፤ በእኔ እምነት ትልቁ ስህተት የሚሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ጆንያው አፍ ላይ ነው። ከላይ ብቻ አትዝገኑ። ከየጆንያው ከላይ፣ ከመሃልና ከታች ወስዳችሁ ቀላቅሉ፣ ከዚያ ፍሬዎቹን ሳትመርጡ ቁጠሩ። ከመቶው ፍሬ 5ቱ ባዕድ ቢሆኑና 10 ፍሬ ብቻ ብታስመረምሩ፣ ቢያንስ አንድ ባዕድ የማግኘት ዕድላችሁ 40 በመቶ ገደማ ነው። ዕድሉን 95 በመቶ ለማድረስ 59 ፍሬ ያስፈልጋል። ፍሬዎቹንም አብራችሁ አትፍጩ፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይመርመር፣ አለዚያ ድብልቁ ራሱን ይደብቃል።

ዘሩ ጥቂትና ውድ ከሆነ ፍሬውን በምላጭ ለሁለት ቁረጡት። ሽል የሌለበት ግማሽ ተፈጭቶ ፕሮቲኑ በኤሌክትሮፎሬሲስ፣ ማለትም ፕሮቲኖችን በኤሌክትሪክ ጄል ላይ በሚለየው ዘዴ፣ ይታያል፤ ሽሉ ያለበት ግማሽ ይዘራል። ውጤቱ ካማረ ተክሉ በእጃችሁ ነው። ይህን ዘዴ በጣም እወደዋለሁ፤ ምርመራው ዘሩን አያጠፋባችሁም።

ዲኤንኤ ለማውጣት ፍሬውን አብቅላችሁ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ቡቃያ ላይ የቅጠሉን ጫፍ ቁረጡ፣ ቁጥር በተጻፈበት ቱቦ ከሲሊካ ጄል ጋር አድርቁት። ማውጣቱና ማባዛቱ በየላቦራቶሪው የተለመደ ሥራ ስለሆነ አልዘረዝረውም። የማልዘለው ማነጻጸሪያውን ነው። ከ«5+10» ውስጥ የ«5» ዘረመል ሲኖር ብቻ ጄል ላይ መስመር የሚያሳይ ምርመራ አለ። መስመሩ ከጠፋ ዘረመሉ የለም ማለት ሊሆን ይችላል፤ ሥራው ከሽፎም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ዙር «5» ያለበትን ቼየንን፣ «5» የሌለበትን ቻይኒዝ ስፕሪንግንና ዲኤንኤ የሌለበትን ውሃ አብራችሁ አስገቡ። የቼየን መስመር ካልወጣ፣ ወይም ቻይኒዝ ስፕሪንግ ወይም ውሃው መስመር ካሳየ ዙሩን ጣሉት። ላቦራቶሪው የሌላ ከሆነም እነዚህን ሦስቱን ውጤቶች ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

የ1ዲ ምርመራ የተደባለቀ ዘርንም ያጋልጣል። ማካሮኒ ስንዴ የዲ ወገን ስለሌለው ያሉት 28 ክሮሞዞሞች ብቻ ናቸው። ማካሮኒ ስንዴ ነው ከተባለ ፍሬ የ1ዲ ዘረመል ከወጣ፣ ያ ፍሬ የዳቦ ስንዴ ነው፣ ጆንያው ተደባልቋል።

ነጥቡ 9 ወይም 10 ቢሆንም ገና ማሳው አለ። ናይትሮጅን ያነሰው ማሳ ፕሮቲን ያነሰው ፍሬ ይሰጣል፤ ያኔ ጥሩ ግሉቴኒን ቢኖርም መጠኑ አይበቃም። በአጨዳ ሰሞን ዝናብ የመታው ዛላ ላይ ፍሬው መብቀል ይጀምርና ስታርቹ ይበላሻል። ስለዚህ ከዘረመሉ ቀጥሎ የፕሮቲን መጠን አስለኩ። ግሉተኑንም በእጃችሁ ፈትሹ፦ 10 ግራም ዱቄት በትንሽ ውሃ አቡክታችሁ ጥቂት አሳርፉ፣ ከዚያ ሊጡን ወንፊት ላይ በቀስታ በሚወርድ ውሃ ውሃው እስኪጠራ እጠቡ። የቀረውን ጎትቱ። ጠንካራው ተስቦ ይመለሳል፣ ደካማው ይላላል ወይም ይበጠሳል።

በመጨረሻ የምታውቁትን ጥሩ ዝርያና አዲሱን በአንድ ቀን፣ በአንድ እርሾ፣ በአንድ ምድጃ ጋግሩ። የዳቦዎቹን ቁመት ለኩ፣ ቆርሳችሁ ውስጡን እዩ፣ መዝግቡ። ከተመረመረው ናሙና የተረፈውን ዘር ቁጥሩን ጽፋችሁ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፤ ውጤቱ ካጠራጠረ ዳግም የሚመረመረው ከዚያው ነው።