የቆየ ባለሦስት ቱቦ ፕሮጀክተርን ለሰፊ ምስል ማስተካከል፦ ከወረታና ከፎገራ ሜዳ ሁኔታ አንጻር

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ለ4 ለ 3 ምስል የተሠራ የካቶድ ጨረር ቱቦ ፕሮጀክተር በመኖሪያ ቤት ውስጥ 16 ለ 9 ምስል እንዲያሳይ እንዴት እንደሚስተካከል ያብራራል። የማስተካከያው ስሌት በየትኛውም ስፍራ አንድ ነው። ይሁን እንጂ የመሬት መግነጢሳዊ መስክ፣ የአየር ጥግግትና የኤሌክትሪክ አቅርቦት ከቦታ ቦታ ስለሚለያዩ ሥራው ለወረታና ለአካባቢዋ ተለይቶ ተመርምሯል። በስሌቱ መሠረት የምስሉን ቁመት በቱቦው ላይ ወደ 75 በመቶ መቀነስ በምስሉ ውስጥ የሚውሉትን መስመሮች ከ432 ወደ 576 ያሳድጋል፤ በአንጻሩ የፎስፈሩን ማርጀት ያፋጥናል። መሣሪያው የሚዞርበት አቅጣጫም በሦስቱ ቀለማት መግጠም ላይ የሚለካ ተጽዕኖ እንዳለው ተመልክቷል።

ቁልፍ ቃላት፦ የካቶድ ጨረር ቱቦ፣ ሰፊ ምስል፣ የመሬት መግነጢሳዊ መስክ፣ ፎገራ

1. መግቢያ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራውን ሲጀምር የምስሉ ወርድና ቁመት 4 ለ 3 ነበር። ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዓመታት በየቤቱ የገቡት ቴሌቪዥኖች፣ በየሠርጉ የተቀረጹት ካሴቶችና በየቪዲዮ ቤቱ የታዩት ፊልሞች በአብዛኛው በዚሁ ልክ የተሠሩ ናቸው። ዛሬ የሳተላይት ሥርጭቱም ሆነ አዳዲስ ፊልሞች 16 ለ 9 ሆነዋል። በዚህም የተነሣ የቆየ መሣሪያ ያለው ሰው ከሁለት ችግሮች በአንዱ ይወድቃል፤ ወይ የሰዎቹ ፊት ወደ ላይ ተስቦ ይረዝምበታል፣ ወይ ከምስሉ በላይና በታች ጥቁር ሰቅ ይቀርበታል።

ጉዳዩ ለተመራማሪ የሚገባ ጥያቄ የሚሆነው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፣ የቱቦው ፎስፈር አንድ ጊዜ ካረጀ አይታደስም፤ ምትክ ቱቦም በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ የተሳሳተ ማስተካከያ የሚያስከትለው ጉዳት ተመልሶ የሚጠገን አይደለም። ሁለተኛው፣ የመሣሪያዎቹ መመሪያዎች በአመዛኙ የተጻፉት በባሕር ወለል አቅራቢያና ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ርቀው ለሚኖሩ ተጠቃሚዎች ነው። ወረታ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብም ቅርብ በሆነ ስፍራ የምትገኝ ከተማ ናት።

2. የሰፊ ምስል ስሌት

በአገራችን በአናሎግ ዘመን በተሠራበት የፓል ሥርዓት አንድ ሙሉ ምስል 625 መስመሮች ሲኖሩት፣ ከእነዚህ ውስጥ በዓይን የሚታዩት 576 ናቸው። ወርዱ ሳይለወጥ 4 ለ 3 የሆነውን ምስል 16 ለ 9 ለማድረግ ቁመቱ ወደ ሦስት አራተኛ መውረድ አለበት። ይህንን በሁለት መንገድ ማግኘት ይቻላል።

የመጀመሪያው መንገድ ጥቁር ሰቅ መተው ነው። የዲቪዲ ማጫወቻው ወይም ሪሲቨሩ 4 ለ 3 ተብሎ ሲሞላ፣ ሰፊውን ምስል በ432 መስመሮች ውስጥ ያስገባና የቀሩትን 144 መስመሮች ጥቁር ያደርጋቸዋል። ከመስመሮቹ አንድ አራተኛው ያለ ሥራ ይባክናል ማለት ነው።

ሁለተኛው መንገድ ምንጩን 16 ለ 9 ብሎ ሞልቶ፣ ቁመቱን በራሱ በቱቦው ላይ ማጥበብ ነው። በዚህ ጊዜ 576ቱም መስመሮች ምስል ይሸከማሉ። ወርዱ 200 ሳንቲ ሜትር በሆነ ግድግዳ ላይ የምስሉ ቁመት ከ150 ወደ 112.5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፤ በሁለት መስመሮች መካከል ያለው ርቀትም ከ2.6 ወደ 1.95 ሚሊ ሜትር ይጠብባል። መስመሮቹ ለዓይን መለየታቸው ይቀንሳል፤ ምስሉም ይረጋጋል።

ይህ ጥቅም ሁለት ገደቦች አሉት። የኤሌክትሮን ጨረሩ ነጥብ ከመስመሮቹ ርቀት የሚበልጥ ከሆነ መስመሮቹ እርስ በርስ ስለሚደራረቡ የተገኘው ጥራት ይጠፋል። ምንጩ አስቀድሞ ጥቁር ሰቅ የታተመበት ከሆነም ቁመቱን ማጥበብ የሰዎቹን ፊት ከማጨፍለቅ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም።

3. የመሬት መግነጢሳዊ መስክ በፎገራ

በፎገራ ሜዳ የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ከአግድም ያለው ዝንባሌ ከ10 ዲግሪ በታች ነው፤ አግድም ክፍሉ ደግሞ 36,000 ናኖቴስላ ገደማ ይደርሳል። በመካከለኛው አውሮፓ ሁኔታው የተገላቢጦሽ ነው፤ አግድሙ 20,000 ገደማ ሲሆን ቀጥ ብሎ ወደ መሬት የሚወርደው ከ40,000 ያልፋል። ስለዚህ በዚያ ሲስተካከል ጨረሩ በዋናነት ወደ ጎን ይሳባል፤ እዚህ ግን መሣሪያው ወዴት እንደ ዞረ ወሳኝ ይሆናል።

መጠኑን ለመገመት ቀላል ስሌት ይበቃል። በ30,000 ቮልት የተፋጠነ ኤሌክትሮን የብርሃንን ፍጥነት አንድ ሦስተኛ ገደማ ይይዛል። በ36,000 ናኖቴስላ መስክ ውስጥ የሚዞርበት ክብ ሬዲየስ 16.5 ሜትር ገደማ ነው። በቱቦው ውስጥ 20 ሳንቲ ሜትር ከተጓዘ፣ ከቀጥታ መንገዱ የሚያፈነግጠው 1.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በቱቦው ላይ 12 ሳንቲ ሜትር የሆነው ወርድ በግድግዳው ላይ 200 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ይኸው ልዩነት 20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ስሌቱ መግነጢሳዊ መከላከያ የሌለውን ቱቦ ታሳቢ ስለሚያደርግ፣ ውጤቱ እንደ ላይኛ ገደብ መወሰድ ይኖርበታል።

የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ ቱቦዎች በአንድ መስመር ተደርድረው፣ ሁለቱ ጎነኞች ወደ መካከል ዘንበል ይላሉ። በሌንሶቹ መካከል 18 ሳንቲ ሜትር፣ እስከ ግድግዳው 2.6 ሜትር ብንወስድ ዝንባሌው 4 ዲግሪ ገደማ ነው። ከዚህ በመነሣት ሁለት አቀማመጦችን እናነጻጽር።

መሣሪያው ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ሲዞር የመካከለኛው ቱቦ ጨረር ከመስኩ ጋር ትይዩ ስለሚሆን ወደ ላይም ወደ ታችም አይሳብም። ጎነኞቹ ግን በተቃራኒ አቅጣጫ ይሳባሉ። ስለዚህ ቀይና ሰማያዊ በግድግዳው ላይ 2.8 ሚሊ ሜትር ይለያያሉ፤ ይህም ከአንድ መስመር ተኩል ገደማ ጋር እኩል ነው። በተጨማሪ ሦስቱም ምስሎች በአንድነት በመጠኑ ስለሚሽከረከሩ፣ የምስሉ ዳር ከመካከሉ አንጻር እስከ 6 ሚሊ ሜትር ከፍና ዝቅ ይላል።

መሣሪያው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሲዞር ሦስቱም ቀለማት በአንድነት 20 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሄዳሉ። ይህ በአንድ የማዕከል ማስተካከያ ይመለሳል። በቀይና በሰማያዊ መካከል የሚቀረው ልዩነት በምስሉ ዳር ላይ 0.85 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ሁለቱም ስሕተቶች በመሣሪያው ማስተካከያዎች ሊታረሙ ይችላሉ። ከዚህ የሚወሰደው ተግባራዊ ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ክፍሉ የሚፈቅድ ከሆነ ምስሉ የሚያርፍበት ግድግዳ የምሥራቁ ወይም የምዕራቡ ቢሆን ይመረጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ ተስተካክሎ ያለቀ መሣሪያ አቅጣጫው ከተለወጠ ሥራው እንደገና መጀመር አለበት። በተራ ቴሌቪዥን ላይ የሚታይ የቀለም እድፍ በማግኔት ማስወገጃ ጥቅልል ይጠፋል፤ የፕሮጀክተር ቱቦዎች ግን እያንዳንዳቸው ባለ አንድ ቀለም ስለሆኑና የቀለም ወንፊት ስለሌላቸው ይህ መፍትሔ አይመለከታቸውም።

4. ከፍታ፣ እርጥበትና ኤሌክትሪክ

በ1,800 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። የሳሳ አየር ከፍተኛ ቮልቴጅን የመከላከል አቅሙም፣ ሙቀትን የማስወገድ አቅሙም ይቀንሳል። ከአዲስ ዘመን አጠገብ ወደ ጣራ ገዳም ከፍታ የሚወጣ ሰው ደግሞ አየሩ ይበልጥ እንደሚሳሳ ማሰብ አለበት። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ውኃ ሲተኛበት፣ በከፍተኛ ቮልቴጅ የተሳበ አቧራ እርጥበት ይጠጣና ለብልጭታ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ክፍሉ ደረቅ፣ የአየር ማስገቢያውም ንጹሕ መሆን አለበት።

መብራት በሚዋዥቅበት ሰዓት የምስሉ መጠን አብሮ ሊዋዥቅ ስለሚችል፣ በቮልቴጅ ማረጋጊያ ሳይደገፍ ማስተካከል ድካምን ማባከን ነው። መብራት ሄዶ ከተመለሰ በኋላም መሣሪያው እስኪሞቅ ድረስ በተፈጠረ ልዩነት ተመርቶ ማስተካከያዎቹን መነካካት አይገባም።

የደኅንነቱ ጉዳይ ከሁሉ ይቀድማል። ቱቦው ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ገዳይ ክምችት ሊይዝ ይችላል። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሥራዎች በውጭ ቁልፎችና በሪሞት የሚከናወኑት ብቻ ናቸው፤ ክዳን መክፈት የሚጠይቀው ሁሉ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተዋል። ከፍተኛውን ቮልቴጅ ከተወሰነለት በላይ ማሳደግ ኤክስሬይን ስለሚጨምር ፈጽሞ አይሞከርም።

5. የሥራው ቅደም ተከተል

አንደኛ፣ መሣሪያው በቋሚ ቦታውና አቅጣጫው ይቀመጣል፤ ምስል እያሳየም ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይሞቃል።

ሁለተኛ፣ በግድግዳው ላይ 200 በ112.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ አራት ማዕዘን በሲባጎ ይወጠራል። ወርዱ ለ16፣ ቁመቱ ለ9 ሲከፈል እያንዳንዱ ሣጥን 12.5 ሳንቲ ሜትር ካሬ ይሆናል። ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆናቸው በሜትር ይረጋገጣል።

ሦስተኛ፣ ምንጩ 16 ለ 9 ተብሎ ይሞላል፤ የመስቀለኛ መስመሮች ምስልም ይቀርባል።

አራተኛ፣ አረንጓዴው ብቻውን ይበራል። ለዓይን ከሚሰማው ብርሃን 59 በመቶ ያህሉ የአረንጓዴው ድርሻ ስለሆነ ለሌሎቹ መለኪያ የሚሆነው እሱ ነው። በመጀመሪያ የጨረሩ ፍሬም በቱቦው ፊት መካከል እንዲያርፍ ይደረጋል። ምስሉ ከግድግዳው ልክ ቢወጣ የሚንቀሳቀሰው መሣሪያው እንጂ ፍሬሙ አይደለም፤ አለዚያ ፎስፈሩ በአንድ ወገን ያረጃል። ከዚያም ፎከሱ ይጠራል፣ ቁመቱ ወደ 75 በመቶ ይወርዳል።

አምስተኛ፣ ቁመቱ ሲቀነስ የዳር ጉብጠትና የመስመሮች እኩልነት ማስተካከያዎች ስለሚዛቡ ሣጥኖቹ ከሲባጎው ጋር እስኪገጥሙ ድረስ እንደገና ይታያሉ። ቁልፉ 75 በመቶ ድረስ የማይወርድ ከሆነ፣ ሰርኪዩቱን ከመነካካት ይልቅ ወደ ጥቁር ሰቁ መንገድ መመለስ ይሻላል።

ስድስተኛ፣ ቀዩ በአረንጓዴው ላይ፣ ቀጥሎ ሰማያዊው በአረንጓዴው ላይ ይገጠማል፤ ከመካከል ወደ ዳር እንጂ ከዳር ወደ መካከል አይኬድም።

ሰባተኛ፣ ኮንትራስቱ ይቀነሳል፤ ምክንያቱ በቀጣዩ ክፍል ቀርቧል።

6. የጥቅሙ ዋጋ

በ432 መስመሮች ተሸፍኖ የነበረው የቱቦ ክፍል አሁን 576 መስመሮችን ይቀበላል። በዚያ ሰቅ ላይ የሚያርፈው ኃይል ኮንትራስቱ ካልተነካ በአንድ ሦስተኛ ይጨምራል። ምስሉ ደምቆ መታየቱ ተመልካቹን ያስደስተዋል፤ ፎስፈሩ ግን በዚያው ልክ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ የጨረሩ ኃይል በአንድ አራተኛ ገደማ እስኪቀንስ ኮንትራስቱን ማውረድና ክፍሉን በመጋረጃ ማጨለም ተገቢ ነው።

ሌላው ጉዳይ የማርጀቱ አለመመጣጠን ነው። መካከለኛው ሰቅ ካረጀ በኋላ ቁመቱ ወደ 4 ለ 3 ቢመለስ፣ የደበዘዘ ሰቅ ከነወሰኑ በምስሉ መካከል ይታያል። የሠርግ ካሴቶችንና የቆዩ ፊልሞችን ማየት የሚፈልግ ቤተሰብ የቁመቱን ማስተካከያ ሳይነካ በ150 በ112.5 ሳንቲ ሜትር ልክ፣ ግራና ቀኙን ባዶ ትቶ ቢያያቸው ይህ ሰቅ አይገለጥም። በቤቱ አብዛኛው የሚታየው 4 ለ 3 ከሆነ ግን መሣሪያውን እንደ ነበረ መተውና ሰፊውን ፊልም በጥቁር ሰቅ ማየት የተሻለ ምርጫ ነው።

7. መደምደሚያ

የቆየ ባለሦስት ቱቦ ፕሮጀክተር ያለ ክፍል ለውጥ ሰፊ ምስልን በሙሉ 576 መስመሮች ሊያሳይ ይችላል። ውሳኔው መወሰን ያለበት ግን በምስሉ ድምቀት ሳይሆን ቤተሰቡ አዘውትሮ በሚያየው የምስል ልክ ነው፤ ቱቦው ሁለተኛ ዕድሜ የለውምና። በወረታና በአካባቢዋ ለሚሠራ ሰው ደግሞ ከማናቸውም ቁልፍ በፊት የሚቀርበው ጥያቄ መሣሪያው ወዴት ይዞራል የሚለው ነው። ከሌላ አገር የመጣ መመሪያ ይህንን አይመልስም፤ ኮምፓስና ሜትር ግን ይመልሱታል። በቀጣይ የመከላከያ ሽፋን ባላቸውና በሌላቸው ቱቦዎች ላይ የምስሉን መፈናቀል በአራቱም አቅጣጫዎች መለካት፣ እዚህ በስሌት የቀረበውን የላይኛ ገደብ ለመፈተሽ ያስችላል።