ብክነቱን የሚያውቀው ሠራተኛው ነው



ዘንድሮ ለኢንተርንሺፕ የምንወጣ እህት ወንድሞች በየፋብሪካውና በየጋራዡ ግድግዳ ላይ «5ቱ ማዎች» የሚል ጽሑፍ እናገኛለን፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ካይዘን ነው። ወደ አገራችን የገባው በጃፓን መንግሥት ድጋፍ ሲሆን፣ ከ2002 እስከ 2003 ዓ.ም. በአዲስ አበባና አካባቢዋ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በደንብ ተቋቋመ።

ብዙዎቻችን ካይዘን ሲባል መጥረጊያና ቀለም ይመስለናል። ልቡ ግን የሠራተኛው ቡድን ነው። በአንድ የሥራ ቦታ ያሉ ጥቂት ሰዎች በየጊዜው ተቀምጠው ጊዜው፣ ውኃው፣ ጥሬ ዕቃው የት እንደሚባክን ይለያሉ፤ መላውንም ራሳቸው ያመጣሉ።

ጋራዥ እንውሰድ። የተቃጠለ ዘይት ሲቀየር ስንቱ በርሜል ውስጥ እንደሚገባ፣ ስንቱ መሬት ላይ እንደሚፈስ የሚያውቀው መኪናው ሥር የተኛው ረዳት ነው። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ሆኖ አያየውም። ረዳቱ ተጠይቆ ሰፋ ያለ ሳፋና ክዳን ያለው በርሜል ቢቀርብለት ወለሉ አያዳልጥም፤ ዘይቱም ወደ ፍሳሽ አይወርድም። ለእኛ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ከጉና የሚነሱት ርብና ጉማራ የሚገቡት ጣና ነው።

ከአምስቱ የሚከብደው ማዝለቅ ይመስለናል። ሐሳብ ሰጥቶ መልስ ያጣ ሠራተኛ ሁለተኛ አይናገርም። ሥራው ሲቀል «አንተ ትርፍ ነህ» እንደሚባል የሚፈራማ ጭራሽ አፉን አይከፍትም።

ለእኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲናን ለመከላከል ኸንደቅ እንዲቆፈር ሐሳብ ያቀረቡት፣ የሲራ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ ከባርነት ገና የወጡት ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ነበሩ። በፋርስ ያዩት ዘዴ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ምክሩን ተቀበሉ፤ ከሶሐቦቹም ጋር አፈር ተሸከሙ። አለቆች ብዙ ጊዜ የሚዘሉት ይህን ሁለተኛውን ነው።

የኢንተርንሺፕ ሪፖርት «የታየ ችግርና መፍትሔ» የሚል ክፍል አለው። ከመማሪያ መጽሐፍ ገልብጠን ከመሙላታችን በፊት የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛዋን፣ አጣቢውን፣ የሌሊት ተረኛውን እንጠይቅ። መፍትሔው የእነሱ ከሆነም ሪፖርቱ ላይ የእነሱ መሆኑን እንጻፍ።