አመዛዛኝ ድርሰት፤ ጠፍጣፋ እግር በቀዶ ጥገና ይስተካከል?

ሀ. መግለጫ

ባለፉት ትምህርቶች ተራኪና ገላጭ ድርሰቶች እንዴት እንደሚጻፉ ተምራችኋል። በዚህ ትምህርት የምትመለከቱት አመዛዛኝ ድርሰትን ነው። አመዛዛኝ ድርሰት ሁለት ወገን ያለውን ጉዳይ አንሥቶ፣ የየወገኑን ማስረጃ ካቀረበ በኋላ የትኛው ሚዛን እንደሚደፋ የሚያሳይ የድርሰት ዓይነት ነው። ጸሐፊው እንደ ሚዛን ያዥ ነጋዴ ነው፤ አንዱን ወገን በጣቱ ከተጫነ ገበያተኛው እምነት ይነሣዋል።

ለ. ምንባብ

ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ። በምታነቡበትም ጊዜ እያንዳንዱ ማስረጃ የየትኛው ወገን እንደሆነ ልብ በሉ።

በድሬዳዋ ከተማ በከዚራ ሠፈር የምትኖር አንዲት የዐሥራ አምስት ዓመት ተማሪ አለች እንበል። የውስጥ እግሯ እንደ እኩዮቿ ከመሬት ከፍ ያለ ቅስት የለውም። እግሯን ታጥባ በደረቅ ሲሚንቶ ላይ ስትራመድ የሚቀረው አሻራ ከተረከዝ እስከ ጣት የተሞላ ነው። ጓደኞቿ በአረማመዷ ስለሚያፌዙባት «እማዬ፣ አዲስ አበባ ወስደሽ አሳክሚኝ፤ በቀዶ ጥገና ይስተካከልልኝ» እያለች እናቷን ትወተውታለች። እናቲቱ ምን ብትወስን ይሻላል?

በቅድሚያ የነገሩን ምንነት መረዳት ያስፈልጋል። ሕፃናት ሲወለዱ እግራቸው ጠፍጣፋ ነው፤ ቅስቱ የሚወጣው በልጅነት ዘመን ቀስ በቀስ ነው። በአንዳንድ ሰዎች ግን ሳይወጣ ይቀራል። ይህም ጠፍጣፋ እግር በሁለት ይከፈላል። ሰውየው በእግሩ ጣቶች ሲቆም ቅስቱ ብቅ የሚል ከሆነ እግሩ ተጣጣፊ ነው፤ ያን ጊዜም ካልታየ ግትር ነው። ግትርነቱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ተለያይተው መንቀሳቀስ የሚገባቸው የኋለኛው እግር አጥንቶች እርስ በርሳቸው በመያያዛቸው ነው። ሲወለድ ጀምሮ ወደ ውስጥ የተቆለመመ እግር ግን ሌላ ነው። እርሱ ገና በሕፃንነት በተከታታይ ጀሶ መታከም ስላለበት ከጠፍጣፋ እግር ጋር መምታታት የለበትም።

ቀዶ ጥገናውን የሚደግፉ ወገኖች በቂ ምክንያት አላቸው። እግሩ ግትር ሆኖ ሲያም፣ ወይም ሌላው ሕክምና ለወራት ተሞክሮ ሕመሙ መራመድን ሲከለክል፣ ሐኪም የተያያዙትን አጥንቶች ሊለያይ፣ ያጠረውን የተረከዝ ጅማት ሊያስረዝም፣ ወይም የተረከዙን አጥንት ቆርጦ ቁራጭ አጥንት በመጨመር ቅርጹን ሊያቃና ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው ኪዩር ኢትዮጵያ የሕፃናት ሆስፒታልም የሕፃናትን የአጥንት ጉድለት በቀዶ ጥገና የሚያክም ተቋም ነው።

በሌላ በኩል ሕመም የሌለው ተጣጣፊ ጠፍጣፋ እግር እንደ በሽታ አይቆጠርም። ሃሪስና ቢዝ የተባሉ ሐኪሞች ከ3,600 የሚበልጡ የካናዳ ወታደሮችን እግር መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1947 አሳተሙ። ተጣጣፊው ዓይነት ብቻውን ለአካል ጉዳት እምብዛም እንደማይዳርግ፣ ችግር የሚያመጣው ግን እግሩ ሲገትር ወይም የተረከዝ ጅማት ሲያጥር መሆኑን አስረዱ። ከዚህም በላይ አጥንት የተቆረጠበት እግር ለሳምንታት በጀሶ ታስሮ ይቆያል። ታካሚዋ በምርኩዝ ትሄዳለች፤ ከዚያም ለወራት እንቅስቃሴ መለማመድ ይኖርባታል። ቁስሉ ሊያመረቅዝ፣ ነርቭ ሊጎዳ፣ አጥንቱም ሳይገጥም ሊቀር ይችላል። ከድሬዳዋ ለምትሄድ ልጅ ደግሞ ከ450 ኪሎ ሜትር የሚበልጠው መንገድ፣ የክትትሉ ምልልስና የሚቋረጠው ትምህርት አብረው ይቆጠራሉ።

በሁለቱ መካከል ሌላ መንገድ አለ። ልጅቱ በመጀመሪያ በከተማዋ በሚገኘው በድል ጮራ ሆስፒታል ትመርመር። የሚያማት ከሆነ ባቷን በየዕለቱ የማሳሳብ ልምምድ ታድርግ፤ ተረከዙ ጠንከር ያለ ጫማም ከነመደገፊያው ትጫማ። መደገፊያው ሕመምን ያስታግሣል እንጂ አዲስ ቅስት አያበቅልም። በድሬዳዋ ሙቀት የሚዘወተረው ሸበጥም መደገፊያ ሊይዝ አይችልም። እንግዲህ ሚዛኑን የሚደፋው የእግሩ ቅርጽ ሳይሆን ሕመሙ ነው። የጓደኞቿ ፌዝ እውነተኛ ሥቃይ ቢሆንም፣ መድኃኒቱ የሐኪም ቢላዋ አይደለም።

ሐ. የምንባቡ አደረጃጀት

ጸሐፊው ጥያቄውን ካቀረበ በኋላ ወደ ክርክሩ አልሮጠም፤ አስቀድሞ ተጣጣፊውን ከግትሩ ለየ። ይህ ልዩነት ባይገለጽ ኖሮ ሁለቱ ወገኖች ስለተለያዩ እግሮች እየተናገሩ በከንቱ በተከራከሩ ነበር። የደጋፊዎቹንም ማስረጃ ሳያሳንስ አቀረበ። እናንተም የምትቃወሙትን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎን፣ ያልሁት ይህንኑ ነው» እስኪል ድረስ አስተካክላችሁ ጻፉ።

መ. ሰዋስው፤ «ቢ–ም» እና ዋናው ግሥ

ቀጥለው ያሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

1. እግሯ ጠፍጣፋ ቢሆንም አያማትም።
2. እግሯ ባያማትም ጠፍጣፋ ነው።

ሁለቱም የያዙት ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ፍርዳቸው ግን ይለያያል። በአማርኛ ጥገኛው ሐረግ ይቀድማል፤ ማሰሪያው ግሥ በመጨረሻ ይመጣል። በ«ቢ–ም» የገባው ሐሳብ የታመነ፣ ግን ውሳኔውን የማይለውጥ ነው። የሐሳቡ ክብደት የሚያርፈው በማሰሪያው ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ልጅቱን ወደ ቤቷ ይመልሳታል፤ ሁለተኛው ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ይገፋታል።

እንደዚሁም «ስለ» እና «ከ» አይወራረሱም። «ጠፍጣፋ ስለሆነ ይስተካከል» የሚል ሰው ጠፍጣፋነት ብቻውን በቂ ምክንያት መሆኑን ሳያስረዳ እንደ ታመነ ነገር ያልፈዋል። «የሚያማት ከሆነ ትታከም» የሚል ግን ውሳኔውን ገና በሚጣራ ሁኔታ ላይ ይመሠርታል።

ሠ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ቀዶ ጥገናውን የሚደግፉ ሁለት፣ የሚቃወሙ ሦስት ማስረጃዎች አውጥታችሁ በሁለት ዐምድ ጻፉ።
2. «መንገዱ ሩቅ ነው» እና «ሕክምናው ይጠቅማታል» የሚሉትን በ«ቢ–ም» አያይዛችሁ ሁለት ተቃራኒ ፍርድ ያላቸው ዐረፍተ ነገሮች መሥርቱ። የትኛው ለየትኛው ወገን እንደሚያደላም አስረዱ።
3. የልጅቱ እግር ግትር፣ ሕመሟም በመደገፊያ የማይታገሥ ቢሆን ኖሮ የመጨረሻው አንቀጽ እንዴት ይለወጥ ነበር? ውሳኔውን በራሳችሁ አባባል እንደገና ጻፉ።
4. ልጅቱ እኅታችሁ እንደሆነች ቈጥራችሁ፣ ሳታፌዙባትና ሳታባብሏት ሚዛኑን የምታስረዱበት የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉላት።