ለመድኃኒት አልበገር ያለ የሚጥል በሽታ እና «ጭንቅላት ውስጥ የሚቀበረው ማሽን»

የዛሬው ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። ያጻፈኝ በኢንቦክስ የደረሰኝ መልእክት ነው። ላኪዋን አስፈቅጄ፣ ማንነቷን የሚገልጸውን አውጥቼ ላስቀምጠው፦

«ዶክተር፣ ታናሽ ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት። ሦስት ዓይነት መድኃኒት ሞክሯል፤ አሁንም በወር አራት አምስት ጊዜ ይጥለዋል። ዩቲዩብ ላይ ጭንቅላት ውስጥ ተቀብሮ በሽታውን የሚያጠፋ ማሽን አይተናል። እናቴ ቤቱን ሸጠን ውጭ እንውሰደው እያለች ነው። ይድናል ወይ?»

የአንድ ቤተሰብ ቤት የተንጠለጠለበትን ጥያቄ «አዎ» ወይም «አይ» ብዬ ላልፈው አልቻልኩም።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። «መድኃኒት አልሠራለትም» የምንለው መቼ ነው? ዓለም አቀፉ የሚጥል በሽታ ሊግ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው ትርጉም፣ ለሕመሙ ዓይነት ተስማሚ የሆኑ ሁለት መድኃኒቶች በበቂ መጠንና በአግባቡ ተወስደው ሕመሙን ሙሉ በሙሉ ካላቆሙት ነው። ሁለት! አምስት ወይም ስምንት አይደለም።

ለምን ሁለት? በስኮትላንድ ግላስጎው ከተማ ከዚያ በፊት መድኃኒት ጀምረው የማያውቁ 470 ሕመምተኞች ለዓመታት ተከታትለው ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። በመጀመሪያው መድኃኒት 47 በመቶዎቹ ሕመሙ ቆመላቸው። በሁለተኛው የቆመላቸው ተጨማሪ 13 በመቶ ነበሩ። በሦስተኛው ለብቻው ግን 1 በመቶ ብቻ። ከዚያ ወዲህ አዳዲስ መድኃኒቶች መጥተዋል፤ በሦስተኛና በአራተኛ ሙከራ የሚቆምላቸውም አሉ። ዋናው መልእክት ግን አልተለወጠም፦ ከሁለት በኋላ ዝም ብሎ ኪኒን በኪኒን ላይ መደረብ ሳይሆን «ለምን አልሠራም?» ብሎ ከሥሩ መመርመር ያስፈልጋል። በጥቅሉ ከሦስት ሕመምተኞች አንዱ እዚህ ቦታ ላይ ይደርሳል።

አሁን ደግሞ በየቀኑ የማየውን ልንገራችሁ። «መድኃኒት አልሠራም» ብለው ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ መድኃኒቱ በትክክል ያልተሞከረላቸው ናቸው። ጠበል ሲገቡ ኪኒኑን የሚያቋርጡ አሉ። ጠበሉን አልከለክልም፣ እባካችሁ ኪኒኑንም ይዛችሁ ግቡ ነው የምለው። በጾም ሰዓት የጠዋቱን የሚዘሉ አሉ፤ ለሐኪማችሁ ብትነግሩት ሰዓቱን ወይም መድኃኒቱን ማስተካከል ይቻላል። ፋርማሲ ውስጥ ስላጣ ለሁለት ሳምንት ያቋረጠም አለ። ድንገት ማቋረጥ ራሱ ከባድና የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

የሐኪም ስህተትም አለ፣ እኛንም ልውቀስ። ለምሳሌ ካርባማዜፒን ለአንዳንዱ የሚጥል በሽታ ዓይነት ጥሩ መድኃኒት ነው። ጠዋት ሲነሱ እጃቸው እየዘለለ የያዙትን ብርጭቆ ለሚጥሉ ወጣቶች ሲሰጥ ግን ሕመሙን ሊያብሰው ይችላል። በነገራችን ላይ ሌላም አለ፦ መንቀጥቀጡ ከአንጎል የኤሌክትሪክ መዛባት ሳይሆን ከሥነ ልቦና ጫና የሚመጣባቸው ሰዎች። ማስመሰል አይደለም፣ እውነተኛ ሕመም ነው፤ ሕክምናው ግን ሌላ ነው። «መድኃኒት አልበግር አለ» ተብለው ወደ ልዩ ማዕከላት ከሚላኩት ከአምስቱ አንዱ ያህል እንዲህ ሆኖ ይገኛል። አስቡት፣ ይህን ሰው ጭንቅላቱን ከፍተን ማሽን ብንቀብርለት!

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ተጣርቶ ሕመሙ በእርግጥ አልበገር ያለ ነው እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ማሽኑ አይደለም። «መነሻው አንድ ቦታ ነው ወይ? ያ ቦታ ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል ወይ?» ነው። ይህን ለማወቅ ጥራት ያለው ኤምአርአይና ከቪዲዮ ጋር የሚደረግ ረዘም ያለ ኢኢጂ ያስፈልጋል። በካናዳ ለንደን ከተማ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት፣ መነሻው በጆሮ ግንድ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል የሆነ 80 ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ከአንድ ዓመት በኋላ ኅሊና የሚያስተው ሕመም የቆመላቸው፣ ቀዶ ሕክምና ከተመደበላቸው 58 በመቶ፣ በመድኃኒት ብቻ ከቀጠሉት ደግሞ 8 በመቶ ነበሩ። በመድኃኒት ከቀጠሉት አንድ ሰው ሞቷል። ይህን የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው አዋቂዎች ከሺህ አንዱ ገደማ በየዓመቱ ድንገት፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ተኝቶ እያለ ይሞታል፤ ሕመሙ በቁጥጥር ሥር ባልዋለበት ሰው ላይ አደጋው ከፍ ይላል። ስለዚህ «ለምደነዋል» ብሎ መተው መፍትሔ አይደለም።

መነሻው ብዙ ቦታ ከሆነ ወይም ቢቆረጥ ንግግርንና እንቅስቃሴን የሚጎዳ ቦታ ላይ ከሆነስ? የኤሌክትሪክ ማነቃቂያዎቹ ተራ እዚህ ጋ ነው። ሦስት ዓይነት ናቸው።

አንደኛው ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። ከግራ አጥንተ አንገት በታች ትንሽ ባትሪ ይቀበርና ሽቦው አንገት ውስጥ ባለው ቬገስ በተባለ ነርቭ ላይ ይጠመጠማል። በተለመደው አሞላል 30 ሰከንድ ይሠራል፣ አምስት ደቂቃ ያርፋል፣ ቀን ከሌት። አሜሪካ ውስጥ ከ1997 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። ድምፅ ማጎርነንና ሳል ያመጣል። ከሰዎቹ ግማሽ ያህሉ በጊዜ ሂደት ሕመማቸው በግማሽና ከዚያ በላይ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ የሚቆምላቸው ግን ጥቂት ናቸው።

ሁለተኛው የወንድምሽ ቪዲዮ ላይ ያያችሁት ሳይሆን አይቀርም። ታላመስ በሚባለው፣ የአንጎል የመልእክት መናኸሪያ ልትሉት በምትችሉት ቦታ ላይ፣ በግራና በቀኝ ቀጫጭን ሽቦ ይገባል፤ ባትሪው ደረት ላይ ነው። ዋናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ሲሆን 110 ሰዎች ነበሩበት፤ ቢያንስ ሦስት መድኃኒት ያልሠራላቸው፣ አንዳንዶቹም ቀደም ሲል ቀዶ ሕክምና ያደረጉ። ሁሉም ሽቦው ገባላቸው። ከዚያ የግማሾቹ ማሽን በራ፣ የሌሎቹ ሳይበራ ቆየ፤ የማን እንደበራ ሕመምተኞቹም አያውቁም። ከሦስት ወር በኋላ የበራላቸው በመካከለኛ ግምት 40 በመቶ ቀነሰላቸው። ያልበራላቸውስ? እነሱም 14.5 በመቶ ቀነሰላቸው! ዩቲዩብ ላይ «ማሽኑ ከገባልኝ ወዲህ ተሻለኝ» የሚል አንድ ሰው ብቻውን ማስረጃ የማይሆነው ለዚህ ነው። የማሽኑ እውነተኛ ድርሻ የሚታየው በሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት ውስጥ ነው።

ግን ልዩነት አለ፣ ጊዜ ሲረዝምም ይጨምራል። በሁለተኛው ዓመት ቅነሳው 56 በመቶ፣ በአምስተኛው 69 በመቶ ደርሷል። እስከ ሁለተኛው ዓመት ድረስ ቢያንስ ለስድስት ወር ምንም ያልጣላቸው ሰዎች ከ110ሩ 14 ነበሩ። ማሽኑ ከበራላቸው መካከል የመደበርና የማስታወስ ችግር ያሉት በዛ ብለው ታይተዋል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2018 ነው።

ሦስተኛው የራስ ቅል አጥንት ውስጥ ተገጥሞ አንጎሉን «የሚያዳምጥ» ነው፤ መዛባቱ ሲጀምር ሲያይ ብቻ ይተኩሳል። በ2013 ተፈቅዷል። ዘጠኝ ዓመት በተከታተሏቸው ሰዎች ላይ በመካከለኛ ግምት 75 በመቶ ቅነሳ ታይቷል። እኔን በግሌ የሚማርከኝ ይሄኛው ነው፤ ለወራት የአንጎሉን መረጃ ለሐኪሙ ይመዘግባልና።

እንግዲህ እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ማሽኖቹ በሽታውን አያጠፉም፣ ይቀንሱታል። በወር አምስት ጊዜ የሚጥለው ሁለት ጊዜ ቢሆንለት ትልቅ ነገር ነው፤ ግን ኪኒኑን ማቆም፣ መኪና መንዳት ማለት አይደለም። ሌላው ቪዲዮው ላይ የማይነገረው፣ ማሽኑ አንዴ ተገዝቶ የሚያልቅ ነገር አለመሆኑ ነው። ከገባ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ደጋግሞ መሞላትና መስተካከል አለበት፤ ባትሪው ሲያልቅም በድጋሚ ቀዶ ሕክምና ይቀየራል። ቤቱን ሸጣችሁ አስገብታችሁ ብትመጡ፣ በዓመቱ ማን ያስተካክልለታል? ባትሪውንስ በምን ትቀይራላችሁ? ይህን ጥያቄ ለሚወስዳችሁ ደላላ ሳይሆን ለሆስፒታሉ በጽሑፍ አቅርቡ።

ስለዚህ ቤቱን አሁን አትሽጡ። መጀመሪያ የነርቭ ሐኪም ዘንድ ሂዱና «በእርግጥ አልበገር ያለ ነው ወይ? መነሻውስ ይታወቃል?» በሉ። ስትሄዱ የሚከተሉትን ይዛችሁ ሂዱ፦ እስከ ዛሬ የወሰዳቸው መድኃኒቶች ከነሚሊግራማቸው፣ ለስንት ጊዜ እንደወሰዳቸውና ለምን እንደተቀየሩ፤ የጣለው ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ደብተር፤ የቀድሞ ኤምአርአይ ካለ ወረቀቱን ብቻ ሳይሆን ሲዲውን።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ሲጥለው በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ። አንድ ሰው በጎኑ ያስተኛውና ጭንቅላቱን ይያዝለት፣ ሌላው ሰዓት እያየ ይቅረጸው። አፉ ውስጥ ማንኪያ አታስገቡ፣ ክብሪት አታሽትቱት። አምስት ደቂቃ ካለፈ ቀረጻውን ትታችሁ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።