ግሩፑ ውስጥ ግቢ

አይቼሻለሁ። የዩኒቨርሲቲ ባቻችሁን የቴሌግራም ግሩፕ ግብዣ ከከፈትሽው ሰንብተሻል፤ «ጆይን» የሚለውን ግን አልነካሽም። የባቹ ልጆች «የት ገባች?» እያሉ በሰው ያስጠይቁሻል፤ አንቺ ደግሞ ማን አገባ፣ ማን ካናዳ ሄደ፣ ማን ፒኤችዲ ጀመረ የሚለውን ከሌላ ሰው ስልክ ላይ ታነቢያለሽ። ታላቅሽ ነኝና ልናገር፤ ግቢ። ስትገቢም ሶማሌላንድ፣ ሐርጌሳ መሆንሽን አትደብቂ።

የፈራሽው ገብቶኛል። እኛ ዘንድ የተመረቀ ሰው የሚጠየቀው ሁለት ነገር ነው፦ የት ትሠሪያለሽ? ስንት ወለድሽ? የሁለቱም መልስ አጭር ሆኖብሻል። የሥራውን እስቲ ከሥሩ እንየው። እናንተ የሰባ ሠላሳ ልጆች ናችሁ። መንግሥት ከመቶው ተማሪ ሰባውን ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ሲመድብ ኢንጂነሪንግ የገባው ሁሉ ወዶ አልገባም፤ ሲመረቅም ገበያው እጁን ዘርግቶ አልጠበቀውም። ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የጠረበ ስንት አለ! ከምርቃት መጽሔታችሁ ፎቶ ሥር ያን ሁሉ የሚያስፈራ «ላስት ወርድ» የጻፈው ልጅ ዛሬ ራይድ ቢነዳ፣ ሰቃይዋ ባንክ መስኮት ላይ ብትቀመጥ፣ አንቺም እዚህ የግል ትምህርት ቤት ሒሳብ ብታስተምሪ፣ ማንም ማንንም አልበለጠም።

ሐርጌሳ ስትይ ግማሹ የሶማሊያው ጦርነት እዚህም ያለ መስሎት «ጦርነቱስ?» ይልሻል፤ እሱን በትዕግሥት አስረጂው። ሌላው ግማሽ ዶላር ይሸተዋል፤ ከእሱ ተጠንቀቂ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ ባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ደመወዝሽ በዶላር በስልክሽ የገንዘብ ሒሳብ፣ በዛድሽ ላይ እንደሚገባ የሰማ ሁሉ በልቡ ያባዛል፤ የቤት ኪራይሽም በዶላር መሆኑን ማን ይቀንስልሻል? ደመወዝሽን አትናገሪ። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለታመመ ሰው መዋጮ ሲመጣ አቅምሽን ላኪ። «አበድሪኝ» ሲመጣ ግን ግሩፑ ላይ አትመልሺ፤ ለብቻው ደውለሽ ተነጋገሪ፣ ከሌለሽም የለኝም በይ።

ስለ እኩዮች ሩጫ ካነሣን እዚሁ ከተማ የሆነውን ላውራሽ። እ.ኤ.አ. በ1981 ወጣት ሐኪሞች፣ መምህራንና ሌሎች የተማሩ ልጆች ተሰባስበው የተጎሳቆለውን የሐርጌሳ ሆስፒታል በራሳቸው ጉልበት ማጽዳትና ማደስ ጀመሩ። «ኡፎ» ይባሉ ነበር። የያኔው የሶማሊያ ገዥ የሲያድ ባሬ መንግሥት ሰብስቦ አሰራቸው፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1982 ፍርድ ቤት ሲያቀርባቸው የከተማው ተማሪዎች ድንጋይ ይዘው አደባባይ ወጡ። ከታሳሪዎቹ አንዱ ሞሐመድ ባሩድ አሊ ገና አዲስ ሙሽራ ነበር። ለብቻው ጠባብ ክፍል ተዘጋበት። ጎረቤቱ የሆስፒታሉ ዳይሬክተር የነበረው ዶክተር አደን አቦኮር ነው፤ ግድግዳውን እያንኳኩ በፊደል መነጋገር ጀመሩ። በኋላ ዶክተሩ የቶልስቶይ «አና ካሬኒና» እጁ ሲገባ ያን የሚያህል ልብ ወለድ ፊደል በፊደል አንኳኩቶ አነበበለት። ሞሐመድ ኋላ እንደተናገረው፣ የአና ታሪክ ውጭ የቀረችው ሚስቱ የምትሆነውን እንዲያስብ አድርጎታል። የተፈቱት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ያ ሁሉ ዓመት ከሕይወታቸው ተቆረጠ። ሞሐመድ ከወጣ በኋላ የሶማሌላንድ ሚኒስትር ሆነ፤ እነዚያን ዓመታት ግን ማንም አልመለሰለትም።

ከእናንተ ባችም ዓመት የተቆረጠበት አለ፤ እሱን ነው የምልሽ። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ትግራይ የነበረችው ዶርምሜትሽ ብዙውን ጊዜ ስልክ እንኳን አልነበራትም። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ጎጃምና ጎንደር ያሉት ደግሞ መንገድም ኢንተርኔትም ሲዘጋባቸው ኖረዋል። ፎቶ የማይለጥፉትን ልብ በዪ። ፎቶ የሚለጥፈው የሠርጉንና የመኪናውን ነው፤ ስለ ፍቺው ወይም ከሥራ ስለመባረሩ ማን ይለጥፋል? ስለዚህ ዝም ያሉትን በየተራ ደውይላቸው። መቼም እዚህ ዕረፍቱ ዓርብ ስለሆነ ያን ቀን ነፃ ነሽ፤ እነሱ እሑድ ቡና ላይ ሲሰበሰቡ አንቺ ክፍል ውስጥ ስለሆንሽ የጋራ ወሬው ያመልጥሻል፤ ያምልጥሽ።

ስትደውዪ «አገባሽ? ስንት ወለድሽ?» አትበዪ። ሦስት ዓመት ሐኪም ቤት የተመላለሰች ልትሆን ትችላለች። «ቤት ውስጥ እነማን አላችሁ?» በያት። ለፈታችውም፣ እናቷን ለምታስታምመውም፣ ሦስት ልጅ ላላትም ይሆናል፤ የፈለገችውን ያህል ትነግርሻለች። አንቺን «አላገባሽም እንዴ?» ካሉሽ «ገና ነኝ» በዪና ወደ ሌላ ወሬ ግቢ። ምክንያት አትደርድሪ፤ ምክንያት ስትደረድሪ ሽምግልና ይጀምሩብሻል፤ እዚያ ግሩፕ ውስጥ ደግሞ ወንድሙን ሊያጋባ የሚዞር አይጠፋም።

የጥምቀት ሰሞን ባሕር ዳር እንገናኝ የሚል ወሬ ሰምቻለሁ። መንገዱ ከተከፈተና ከቻልሽ ሂጂ። በቶጎ ውጫሌ ድንበር ጅግጅጋ ወጥተሽ ከዚያ በአውሮፕላን አዲስ አበባ መግባት ትችያለሽ። ለልብስ ከመጨነቅሽ በፊት ግን መኖሪያ ፈቃድሽ መቼ እንደሚያበቃ እዪ፤ ድንበር ላይ ስትመለሺ የሚጠይቁሽ እሱን ነው።